ራጁ «ደህና ነው» ከተባለ በኋላ፦ ስለ አንገት ደም ቅዳ ጉዳት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከወሎ የተላኩ ናቸው። የጠያቂዎቹ ሁኔታ ቢለያይም ጉዳያቸው አንድ ነው፤ አንገት ከተጎዳ በኋላ ወደ አንጎል ደም በሚወስዱት ቧንቧዎች ላይ ስለሚደርሰው ጉዳት ይጠይቃሉ። የመጀመሪያዋ ጠያቂያችን ያነሱት ነገር ሰፊ በመሆኑ አብዛኛውን ቦታ ለእሳቸው ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ለአምዱ ሐኪም፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ታላቅ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው፤ በሐይቅና በውጫሌ መካከል በሞተር ሳይክል ሰው እያመላለሰ ይተዳደራል። ባለፈው ወር አመሻሽ ላይ በመንገዱ ላይ የተዘረጋውን የኬላ ገመድ ሳያየው ገመዱ አንገቱን ይዞ ከሞተሩ ጣለው። ራሱን አልሳተም። በዚያው ምሽት በሄድንበት ሆስፒታል የአንገት ራጅ ተነስቶ «አጥንቱ ደህና ነው» ከተባለ በኋላ የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤት ተመለሰ። በግራ በኩል የገመዱ ምልክት አብጦ ይታይ ነበር፤ ድምፁም ጎርንኖ ነበር። በማግስቱ አጎታችን ወጌሻ አመጣለት። ወጌሻው አንገቱን በቅቤ ካሸው በኋላ ወዲያና ወዲህ ሊያዞረው ሲል ሕመሙ ስለባሰበት ተወው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የግራ ዓይኑ ቆብ ወርዶ አየን፤ እሱም በግራ ጆሮው ከልቡ ምት ጋር እኩል የሚሄድ የ«ሽው ሽው» ድምፅ እንደሚሰማው ነገረን። ያን ጊዜ ደሴ ወሰድነው። በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጠ በሚነሳ ሲቲ ስካን፣ ወደ አንጎል የሚሄደው የግራ ደም ሥር ከውስጥ እንደተቀደደና ግማሽ ያህል እንደጠበበ ተነገረን። ተኝቶ ከታከመ በኋላ በየቀኑ አስፕሪን እንዲወስድ ታዞለት ወጣ። አሁን ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሏል። አጎታችን «ደም ሥሩ ለተቀደደ ሰው ደም ማቅጠኛ መስጠት ደሙን ማፍሰስ ነው» ብሎ መድኃኒቱን ሊያስቆመው ይፈልጋል፤ ሌሎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ወስደን እናስቀድደው ይላሉ። ጎረቤቶቻችን «አብሽሩ» ይሉናል፤ ፍርሃቱ ግን አልወጣልንም። ራጁ ደህና ከነበረ ይህ ጉዳት እንዴት ሳይታይ ቀረ? መድኃኒቱስ ትክክል ነው? ወደ ሥራው የሚመለሰው መቼ ነው? (ታናሽ እህቱ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምዎ ስትሮክ ሳይመታው ምርመራው ላይ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። የዓይኑ ቆብ መውረዱን ልብ ብላችሁ በዚያው ቀን ደሴ መውሰዳችሁን ያህል የጠቀመው ነገር ያለ አይመስለኝም። ለሦስቱም ጥያቄዎችዎ እመልሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን የተጎዳው ምን እንደሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

ከማንቁርታችን ግራና ቀኝ ጣት ሲያርፍበት የሚመታ ትልቅ ደም ቅዳ አለ፤ ስሙ ካሮቲድ ነው። እያንዳንዱ ካሮቲድ በማንቁርቱ የላይኛው ጠርዝ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። የውጭኛው ቅርንጫፍ ለፊትና ለራስ ቆዳ ደም ሲያደርስ፣ የውስጠኛው በራስ ቅል ሥር ባለ ቀዳዳ ገብቶ ለአንጎልና ለዓይን ያደርሳል። ከኋላ ደግሞ በአንገት አጥንቶች ቀዳዳዎች ውስጥ እያለፉ ወደ ላይ የሚወጡ ሌሎች ሁለት ደም ቅዳዎች አሉ። አንጎል የሚኖረው በእነዚህ አራት ቧንቧዎች ነው። የውስጠኛው ካሮቲድ ወደ ራስ ቅል ሲቃረብ ከላይኞቹ የአንገት አጥንቶች ጎን ተጠግቶ ስለሚያልፍ፣ አንገት በኃይል ወደ ኋላ ሲቀለበስና ሲጠመዘዝ በአጥንቱ ላይ ይለጠጣል። ገመድ አንገት ይዞ ሰውን ከሞተር ሲጥል ሁለት ነገር በአንድ ቅጽበት ይሆናል፤ ገመዱ ቧንቧውን ከፊት ይጨፈልቀዋል፣ የራስ መቀልበስ ደግሞ ከላይ ይለጥጠዋል።

የደም ቅዳ ግድግዳ ሦስት ንብርብር አለው፤ እንዲህ ባለው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚቀደደው የውስጠኛው ስስ ሽፋን ነው። የኮት እጅጌ ገበሩ ሲቀደድ እጃችን በእጅጌው በኩል መውጣቱን ትቶ በገበሩና በጨርቁ መካከል እንደሚገባ ሁሉ፣ በልብ ግፊት የሚመጣው ደምም በተቀደደው ቦታ ገብቶ ሽፋኑን ከግድግዳው ያላቅቀዋል። የተላቀቀው ሽፋን ወደ ውስጥ እያበጠ መተላለፊያውን ያጠበዋል። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው፤ ደም የተቀደደ ነገር ሲነካ መርጋት ተፈጥሮው ስለሆነ፣ በቁስሉ ላይ ቀስ በቀስ የረጋ ደም ይጋገራል። ከዚያ ላይ ቁራጭ ተነስቶ በደሙ ጎርፍ ወደ አንጎል ሲሄድና አንዱን ቅርንጫፍ ሲዘጋ ስትሮክ የምንለው ይመጣል።

ደሙ ቁስሉ ላይ እስኪጋገር ጊዜ ይወስዳል። በዚህ ምክንያት አንገቱ የተመታ ሰው መጀመሪያ ቆሞ እየሄደ፣ እያወራ፣ ምግብ እየበላ ሊቆይ ይችላል። ስትሮኩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከጉዳቱ በኋላ ከ10 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከሳምንት በላይ ቆይቶ የመጣባቸውም አሉ። ይህ ዝም ያለ ጊዜ አታላይ ነው፤ ቤተሰብንም ሐኪምንም ያዘናጋል። ሆኖም መድኃኒት ብዙ ሊሠራ የሚችለው በዚሁ ጊዜ ስለሆነ፣ በዚህ አምድ ላይ ከምጽፈው ሁሉ አንባቢ ይህን አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፦ አንገቱ በኃይል ተመትቶ በመጀመሪያው ቀን ደህና የሆነ ሰው ከአደጋ ወጥቷል ማለት አይቻልም።

ራጅ የሚያሳየው አጥንትን ነው፤ የደም ቧንቧ በራጅ አይታይም። አጥንቱ ሳይሰበር ቧንቧው ሊቀደድ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ ጥያቄውን አይመልሰውም። ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም ቧንቧዎቹን አጉልቶ የሚያሳየው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ሳይኖር፣ የሚነሳ የራስ ሲቲ ስካንም ቢሆን ስትሮኩ ገና ካልመጣ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ ጉዳት ቀዳሚው ምርመራ ሲቲ አንጂዮግራፊ ነው፤ በክንድ ደም መልስ ኮንትራስት እየተሰጠ ከደረት አንስቶ እስከ አንጎል ያሉት ቧንቧዎች በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይነሳሉ። የአንገት አልትራሳውንድ በብዙ ቦታ ይገኛል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ነገር ግን ቧንቧው ከመንጋጋ አጥንት በላይ ወደ ራስ ቅል የሚገባበትን ክፍል ስለማያሳይ፣ ጉዳቱም የሚበዛው በዚያው በመሆኑ፣ በአልትራሳውንድ «ምንም የለም» ተብሎ መረጋጋት አይገባም። ኤምአርአይ ጥሩ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ የገባውን ደም ራሱን ያሳያል።

ይህን ምርመራ ለማዘዝ የሚያበቁ ምልክቶች በዓለም ላይ በሰፊው የታወቁ ናቸው። በአንገት ላይ የገመድ ወይም የመኪና ቀበቶ ምልክት ከእብጠትና ከሕመም ጋር ከታየ፣ ከአንገት አጥንቶች የላይኞቹ ሦስቱ ከተሰበሩ ወይም ከቦታቸው ከተንሸራተቱ፣ የራስ ቅል መሠረት ወይም የመካከለኛው ፊት አጥንት ከተሰበረ፣ አደጋው ራስን እስከ መሳት የሚያደርስ ከባድ የአንጎል ጉዳት ካስከተለ፣ ወይም ሰውዬው ታንቆ የተረፈ ከሆነ ቧንቧው መታየት አለበት። ለሥራ ባልደረቦቼ ደግሞ አንዱን ለይቼ ልጨምር፦ በአደጋ የመጣ ሰው ግማሽ ጎኑ ደክሞ ሳለ የራስ ሲቲው ድካሙን የሚያስረዳ ነገር ካላሳየ፣ መልሱ ያለው አንገቱ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ወንድምዎ ላይ ያያችሁት የዓይን ቆብ መውረድ ትርጉም አለው። ለዓይን ቆብና ለብሌን የሚሄዱ ቀጫጭን ነርቮች በካሮቲድ ግድግዳ ላይ ተጠምጥመው ነው የሚወጡት፤ ግድግዳው ሲያብጥ ይጨፈለቃሉ። በዚያ ጊዜ በተጎዳው ጎን ቆቡ በጥቂቱ ይወርዳል፣ የዓይኑ ብሌንም ከሌላው ያንሳል። ልዩነቱ በደማቅ ብርሃን ስለሚጠፋ ቤተሰብ ሊያየው የሚፈልግ ከሆነ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ ሁለቱን ብሌኖች ጎን ለጎን ማስተያየት ይሻላል። በጆሮ የሚሰማው «ሽው ሽው» ደግሞ ደም በጠበበ ቧንቧ ሲያልፍ የሚያሰማው ነው። ከእነዚህ ሌላ በአንድ ጎን ብቻ የሚሰማ አዲስ የአንገት፣ የፊት ወይም የዓይን ዙሪያ ሕመም፣ ለደቂቃዎች የአንድ ዓይን መጨለምና መመለስ፣ እንዲሁም የምላስ ወደ አንድ ጎን መጠምዘዝ የሚታዩባቸው አሉ።

ስለ ወጌሻው በአክብሮት ልናገር። በወሎ ገጠር ወጌሻ የተከበረ ባለሙያ ነው፤ የወለቀ ትከሻ ወይም የተጠመዘዘ ቁርጭምጭሚት ይዘው ወደ እሱ የሚሄዱ ሰዎች ለምን እንደሚሄዱ ይገባኛል። አንገት ግን ከዚህ ሁሉ መለየት አለበት። የአንገት መታሸትና በድንገት መጠምዘዝ በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ የደም ቅዳ መቀደድን ተከትሎት ታይቷል፤ ውስጡ በተቀደደ ቧንቧ ላይ ሲሆን የረጋውን ደም ነቅሎ ወደ አንጎል መስደድ ነው። የእናንተ ወጌሻ ሕመሙ ሲብስ እጁን ማንሳቱ መልካም ነበር። ፀጉር አስተካካዮች ፀጉር ከቆረጡ በኋላ አንገት ይዘው «ቀጭ» የሚያደርጉትም ልማድ ቢቀር እመርጣለሁ።

ወደ መድኃኒቱ ስመጣ፣ የአጎትዎ ጥርጣሬ ከቅን ልብ የመጣ ነው፤ ብዙ የተማረ ሰውም ይጠይቀዋል። ነገር ግን የወንድምዎ ቧንቧ የውጭኛው ግድግዳ አልተበሳም፤ ደም ወደ ውጭ እየፈሰሰ አይደለም። የተቀደደው ውስጡ ነው፤ የሚያሰጋው በቀዳዳው ላይ የሚጋገረው ደም ነው። አስፕሪን ደምን እንደ ውኃ አያቀጥንም፤ ደም ሲረጋ መጀመሪያ የሚጣበቁትን ጥቃቅን ክፍሎች፣ ማለትም ፕሌትሌቶችን፣ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይከለክላል። በዚህ መካከል ግድግዳው ራሱን ይጠግናል። በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የአንገት ደም ቅዳቸው ከውስጥ የተቀደደባቸውን 250 ሰዎች በሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን እንደ አስፕሪን ያለ መድኃኒት፣ ለሁለተኛው እንደ ሄፓሪንና ዋርፋሪን ያለ ጠንካራ ፀረ መርጋት የሰጠ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ ወጥቷል። በሦስት ወር ውስጥ ስትሮክ የመታቸው ከሁለቱም ወገን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በመካከላቸውም የጎላ ልዩነት አልታየም። አስፕሪን ርካሽ፣ በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝና የደም ምርመራ ክትትል የማይጠይቅ በመሆኑ ለእኛ አገር ሰው የሚመች ምርጫ ነው። የማይሰጥበት ጊዜም አለ። በዚያው አደጋ አንጎሉ ውስጥ የደማ፣ ወይም ጉበቱ ወይም ጣፊያው የተቀደደ ሰው ሐኪሞቹ ደህና ጊዜ ነው እስኪሉ መጠበቅ ይኖርበታል። የወንድምዎ ሐኪሞች ይህን አይተው እንደጀመሩለት እገምታለሁ፤ ስለዚህ አጎትዎ መድኃኒቱን እንዳያስቆሙት አጥብቄ እለምናለሁ።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ፣ ሐኪሞች የዚህን ጉዳት ክብደት የሚለኩበት እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የወጣ ባለ አምስት ደረጃ መለኪያ አለ። ጥበቱ ከ25 በመቶ በታች ከሆነ አንደኛ ደረጃ ይባላል፤ 25 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የረጋ ደም ወይም የተንጠለጠለ ሽፋን ከታየ ሁለተኛ ነው። ግድግዳው ወደ ውጭ እንደ ከረጢት ሲያብጥ ሦስተኛ፣ ቧንቧው ፈጽሞ ሲዘጋ አራተኛ፣ ተበጥሶ ደም ሲፈስ አምስተኛ ይባላል። በዚያ የመጀመሪያ ዘገባ ስትሮክ የመታቸው በካሮቲድ አንደኛ ደረጃ 3 በመቶ፣ በሁለተኛው 11 በመቶ፣ በሦስተኛው 33 በመቶ፣ በአራተኛው 44 በመቶ ያህል ነበሩ። የወንድምዎ ቧንቧ ግማሽ ያህል ከጠበበ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ጉዳት በአብዛኛው የሚታከመው በመድኃኒት ነው፤ የሚጠገኑትም ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠገናሉ። ቦታው ከራስ ቅል ሥር ስለሚሆን ቢላዋ በቀላሉ አይደርስበትም፤ ለመድረስ ሲሞከር የሚጎዱት ነርቮች ብዙ ናቸው። በቧንቧው ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ፣ ማስገባት የሚታሰበው መድኃኒት እየተወሰደም ምልክቱ ከተደጋገመ፣ ወይም ከረጢቱ እያደገ ከሄደ ነው። ስለዚህ ወንድምዎ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዲስ አበባ ብትደርሱ የሚሰጠው መድኃኒት ያው አስፕሪን ሊሆን ይችላል። ለመንገዱ ያሰባችሁትን ገንዘብ ለክትትሉ ሲቲ አንጂዮግራፊ አቆዩት። የመጀመሪያው ድጋሚ ምርመራ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ፣ ቀጣዩ ከሦስት ወር በኋላ ይደረጋል። የመጀመሪያው አልፏችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀጠሮ ጠይቁ።

ወደ ሞተሩ እስከ ሦስት ወሩ ምርመራ ድረስ ባይመለስ ይሻላል። እስከዚያ ቀስ ብሎ መራመድና ቀላል ሥራ መሥራት ይችላል፤ ጆንያ መሸከም፣ እንጨት መፍለጥ፣ አንገትን በድንገት የሚያዞር ማናቸውም ነገር ይቅርበት። ሲያመው ፓራሲታሞል ይውሰድ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ በቀላሉ የሚገዙት ዲክሎፊናክና አይቡፕሮፌን ከአስፕሪን ጋር ሲደረቡ ጨጓራን ያደማሉ፤ አይቡፕሮፌን ደግሞ አስፕሪኑ ሥራውን እንዳይሠራ ያደናቅፈዋል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከ ወደ ሐኪም ይሂድ። ሲጋራ ያቁም፤ ጫትም የደም ግፊትንና የልብ ምትን ስለሚያንር በእነዚህ ወራት እንዲተወው እመክራለሁ።

ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይህን ይወቅ፦ ጉዳቱ በግራ ስለሆነ ስትሮክ ቢመጣ የሚደክመው የቀኝ ፊቱ፣ የቀኝ እጁና እግሩ ነው፤ ንግግሩም ሊያዝ ይችላል። ይህ ከታየ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቢተወውም እንኳ፣ የጀመረበትን ሰዓት ጽፋችሁ በፍጥነት ሆስፒታል አድርሱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በአፉ ምግብም ውኃም አትስጡት፤ መዋጥ ተስኖት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ በደላንታ በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። በበሬ ቀንድ ወይም በጩቤ አንገቱን የተወጋ ሰው ሲመጣልን ደሴ እስኪደርስ ሰዓታት ይፈጃል። በእጃችን ባለው ነገር ምን ብናደርግ ይጠቅማል?

መልስ፦ የእርስዎ ጥያቄ ከላይ ካለው ይለያል፤ እዚህ ቧንቧው ወደ ውጭ የተከፈተ ስለሆነ የሚገድለው መድማቱና የአየር መንገድ መታፈኑ ነው። ደሙ በሚወጣበት ነጥብ ላይ በቁስል መሸፈኛ ጋዝ የተጠቀለለ ጣት ያሳርፉ፤ እጅን ሳያነሱ ይጫኑ። ብዙ ጨርቅ ክምር አድርጎ ከላይ መጫን ደሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያቆመውም። በአንገት ዙሪያ ፋሻ መጠምጠም ክልክል ነው፤ ጤነኛውን ቧንቧና የአየር መንገዱን ያንቃል። ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አይጫኑ። የተሰካ ነገር ካለ እንዳይነቀል፣ ቁስሉም በመሣሪያ እንዳይቆፈር፤ ቧንቧውን ደፍኖ የያዘው ያው ነገር ሊሆን ይችላል።

ቁስሉ ጠባብና ጥልቅ ሆኖ ጣት ካልደረሰበት፣ ለሽንት የምትጠቀሙበት ፎሊ ካቴተር ሕይወት ያድናል። ጫፉን በቁስሉ ቀዳዳ በቀስታ አስገብቶ ፊኛውን በንጹሕ ውኃ ደሙ እስኪቆም ድረስ መሙላት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከዚያ ደም በካቴተሩ ውስጥ እንዳይወጣ ቱቦውን መቆንጠጥ፣ ካቴተሩም እንዳያመልጥ በዙሪያው ቆዳውን መስፋት ያስፈልጋል። ይህን ቀድሞ ያልተለማመደ ሰው በጭንቅ ሰዓት ሊጀምረው ስለማይገባ፣ ከሪፈራል ሆስፒታሉ የቀዶ ሕክምና ክፍል ጋር ተነጋግራችሁ ልምምዱን በጤና ጣቢያችሁ ብታዘጋጁ መልካም ነው።

ደሙ ጠቆር ብሎ ሳይረጭ የሚፈስ ከሆነ ደም መልስ ስለተከፈተ አየር ወደ ልብ እንዳይሳብ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ ራሱን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በተወጋ ቁስል ላይ የነርቭ ድካም ከሌለ የአንገት ኮላር ማሰር ጥቅሙ ያንሳል፤ እያደገ የሚሄደውን እብጠት ይሸፍንባችኋል። የደም ሥር መርፌውን ካልተጎዳው ጎን ባለው ክንድ ላይ ያስገቡ። ግሉኮሱን ወይም ሳላይኑን ያለ ልክ አያፍስሱ፤ የራስ ጉዳት ከሌለበት፣ አእምሮው ንቁ ከሆነ፣ የላይኛው የደም ግፊት 80 እና 90 መካከል ቢቆይ ይሻላል፤ ግፊቱን ከዚያ በላይ ማሳደግ የተደፈነውን ቁስል ይከፍተዋል። መድማትን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ ካላችሁ ከጉዳቱ በኋላ በሦስት ሰዓት ውስጥ 1 ግራም በ10 ደቂቃ ቀስ ተብሎ በደም ሥር ይሰጣል። በአፍንጫ የሚገባ ቱቦ አያስገቡ፤ ሲያቅለሸልሸው ደሙ ይነሳል።

ከቆዳው ሥር ያለውን ስስ ጡንቻ ያለፈ ቁስል፣ ደሙ ቆሞም ቢሆን፣ ሪፈር መሆን አለበት። እብጠቱ የሚያድግ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ፣ ድምፁ የሚለወጥ ወይም የሚያንኮራፋ ከሆነ መንገድ ላይ ሊታፈን ስለሚችል የሚሸኘው ባለሙያ የአየር መንገድ መሣሪያ ይዞ ይሂድ። አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልጨምር፦ በሪፈር ወረቀቱ ላይ ሰውዬው ከጤና ጣቢያው ሲነሳ ሁለቱንም እጆቹንና እግሮቹን ያንቀሳቅስ እንደነበር፣ ይናገር እንደነበር፣ ብሌኖቹ እኩል መሆናቸውን ከሰዓቱ ጋር ይጻፉ። ደሴ የሚቀበለው ሐኪም ድካሙ መቼ እንደጀመረ ማወቁ ቧንቧውን በሚጠግንበት ውሳኔ ላይ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ልጄ መፋቂያ በአፉ ይዞ ሲሮጥ ወድቆ ላንቃው ተወጋ። ጥቂት ደምቶ ቆመ፤ አሁን ይጫወታል። ሐኪም ዘንድ መውሰድ አለብኝ? (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አዎ፣ ዛሬ ይውሰዱት። የውስጠኛው ካሮቲድ ከላንቃው የኋላ ጎንና ከእንጥል ጎን ካሉት ዕጢዎች ጀርባ ነው የሚያልፈው። መፋቂያ፣ እርሳስ ወይም የሸንኮራ ቁራጭ በአፍ ይዞ የወደቀ ልጅ ላይ እንጨቱ ቧንቧውን ባይበሳውም ጨፍልቆት ውስጡን ሊቀድደው ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ከሰዓታት እስከ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ስትሮክ የመታቸው ልጆች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ልጆች ያለ ችግር ይድናሉ። ቁስሉ በላንቃው መካከል ከሆነ ስጋቱ ይቀንሳል፤ ወደ ጎን ካመዘነ፣ ጥልቅ ከሆነ ወይም አንገቱ ካበጠ ሐኪሙ ሲቲ አንጂዮግራፊ ሊያዝ ይችላል። ተመርምሮ ወደ ቤት ከተመለሰም ለሦስት ቀናት ያህል ሌሊት ሁለት ጊዜ ቀስቅሰው ያናግሩት፤ ሁለቱንም እጆቹን እኩል ማንሳቱን ይመልከቱ። ያለ ልክ እንቅልፍ ካበዛ፣ ካስታወከ፣ አንድ እጁን መጠቀም ከተወ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመለሱ።

ጥያቄ፦ አባቴ የመኪና አደጋ ደርሶበት የአንገቱ ደም ሥር ስለተጎዳ አስፕሪን ይወስዳል። ረመዳን ሲገባ መድኃኒቱን እንዴት ያድርገው? (ከባቲ)

መልስ፦ አስፕሪን በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ ካፈጠሩና ምግብ ከበሉ በኋላ ይዋጡት፤ በባዶ ሆድ አይውሰዱት። ክርስቲያን አንባቢዎችም በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ ከማዕዱ በኋላ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ሊወስዱት ይችላሉ። አደጋው ከደረሰባቸው ገና ጥቂት ሳምንት ከሆነ ግን አባትዎ እንዲጾሙ አልመክርም፤ በባቲ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጡ መዋል ሰውነትን አድርቆ ደምን ለመርጋት ያመቻቻል። በእስልምና ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ጊዜ እንዲከፍል የተፈቀደ በመሆኑ ከሐኪማቸውና ከመስጊዳቸው ሼህ ጋር ይነጋገሩበት። የሚወስዱት ዋርፋሪን ከሆነ ሰዓቱንም ሆነ አመጋገቡን በራሳቸው አይለውጡ፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት የደም መርጋት ምርመራቸውን አድርገው ሐኪማቸው የሚወስነውን ይከተሉ። ጥርስ ማስነቀል ወይም ሌላ ትንሽ ቀዶ ሕክምና ቢያጋጥማቸውም አስፕሪን እንደሚወስዱ አስቀድመው ይናገሩ፤ ለጥርስ ሲባል መድኃኒቱን ማቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።